ቅጥ ያጣ ገጽ፦ የድረ ገጽ ቅጥ ሉህ ታሪክና በአንድ አሳሽ ላይ ብቻ የመጥፋቱ ምክንያት

1. መግቢያ

በአማርኛ የአንድ ነገር ሥርዓቱ ሲፈርስ፣ ልኩና መልኩ ሲበላሽ «ቅጥ አጣ» ይባላል። መያዣ መጨበጫ የሌለው ንግግር ቅጥ ያጣ ንግግር ነው፤ ዕቃው የተዘበራረቀበት ቤት ቅጥ አምባሩ የጠፋ ቤት ይባላል። በነዚህ አነጋገሮች ውስጥ ቅጥ ሲጠፋ ነገሩ ራሱ አይጠፋም። ንግግሩም ተነግሯል፤ ዕቃውም በቤቱ ውስጥ አለ። የጠፋው አንዱን ከሌላው የሚለየው አቀማመጥ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ይህ ነባር ቃል በኮምፒዩተር ዘመን ያገኘውን አዲስ ሥራ ነው፤ ይኸውም የአንድ ድረ ገጽ ቅጥ በአንዱ አሳሽ ላይ እየታየ በሌላው አሳሽ ላይ ለምን እንደሚጠፋ፣ ይህም ጉዳይ ምን ዓይነት ታሪክ እንዳለው ለማሳየት እንሞክራለን። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጉዳዩ የኮምፒዩተር ባለሙያዎች እንጂ የቋንቋ ሰዎች አይደለም የሚል አንባቢ ሊኖር ይችላል። እኛም ቀድሞ እንደዚያ እናምን ነበር። አስተሳሰባችንን የለወጠው በ2003 የደረሰብን አንድ ስሕተት ነው። በዚያን ጊዜ ከጥቂት የሥራ ባልደረቦች ጋር ሆነን አንድ አነስተኛ የሙያ ቃላት ዝርዝር በድረ ገጽ አውጥተን ነበር። በዝርዝሩ ውስጥ ለየጽንሰ ሐሳቡ በውይይት የተመረጠው ቃል ከነፍቺው ይሰጣል፤ ከሥሩ ደግሞ ቀርበው ሳይመረጡ የቀሩት ቃላት ይጻፋሉ። የተተዉት ቃላት ከተመረጡት የሚለዩት በመካከላቸው በሚያልፍ ቀጭን መሥመርና በደብዛዛ ቀለም ብቻ ነበር። በኛ ኮምፒዩተር ላይ ገጹ እንደታሰበው ይታይ ስለነበር ሥራችንን እንደጨረስን ቆጠርነው።

ከጥቂት ወራት በኋላ በውጭ አገር አማርኛ የሚያስተምር አንድ መምህር ከዝርዝሩ ገልብጦ ለተማሪዎቹ ያዘጋጀውን ወረቀት ላከልን። በወረቀቱ ላይ የተመረጡትና የተተዉት ቃላት ያለ ምንም ልዩነት እንደ ተመሳሳይ ፍቺ ቃላት ተደርድረዋል። እንዲያውም በሦስት ቦታ ላይ መምህሩ የወሰደው የተተወውን ቃል ነበር። ጥፋቱ የርሱ አልነበረም። እርሱ ይጠቀምበት በነበረው አሳሽ ላይ የገጹ ቅጥ ከነጭራሹ አልተጫነም፤ ስለዚህ መሥመሩም ደብዛዛው ቀለምም አልታዩትም። ብዙ ተከራክረን የጣልናቸው ቃላት በኛው ገጽ አማካይነት ወደ ክፍል ገቡ። የመዝገበ ቃላት ሥራ ዋና ነገሩ መምረጥና መለየት ነውና፣ መለያው ሲጠፋ ሥራው ጠፋ ማለት ነው።

2. ፍሬ ነገርና ቅጥ እንዴት ተለያዩ

ድረ ገጽ የተባለው ነገር የተጀመረው በጄኔቭ አጠገብ በሚገኘው የኤውሮፓ የኑክሌር ምርምር ድርጅት፣ በተለምዶ ሴርን በሚባለው ተቋም ነው። እንግሊዛዊው ቲም በርነርስ ሊ ሐሳቡን በ1989 አቀረበ፤ በ1990 መጨረሻ ላይም የመጀመሪያውን አሳሽ ሠራ። የገጽ መጻፊያ ሥርዓቱ፣ ማለትም ኤች.ቲ.ኤም.ኤል.፣ በመሠረቱ የጽሑፍን ክፍሎች የሚሰይም ነበር፤ ይህ ርእስ ነው፣ ይህ አንቀጽ ነው፣ ይህ ዝርዝር ነው ይላል። ርእሱ በምን መጠንና በምን ቀለም ይታይ የሚለውን ግን አይወስንም። ይህን የሚወስነው አሳሹ ነበር። የበርነርስ ሊ አሳሽ በውስጡ የራሱ የሆነ ቀላል ቅጥ ሉህ ነበረው፤ ሆኖም ሌሎች ሊከተሉት የሚችሉት ደንብ ሆኖ አልወጣም።

በ1993 በአሜሪካ በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ሞዛይክ የተባለው አሳሽ ድረ ገጽን በሰፊው ሕዝብ ዘንድ አሳወቀ። ጸሐፊዎች በብዛት ሲመጡ የገጻቸውን መልክ ራሳቸው ለመወሰን ፈለጉ። ደንብ ስላልነበረ አሳሽ ሠሪዎች በየበኩላቸው አዳዲስ ምልክቶችን በኤች.ቲ.ኤም.ኤል. ውስጥ ጨመሩ፤ የፊደል ዓይነት፣ መጠንና ቀለም በየቃሉ ላይ መጻፍ ተጀመረ። በዚህም ምክንያት ፍሬ ነገርና ቅጥ እንደገና ተደባለቁ። አንድ ገጽ ላይ ያሉትን ርእሶች ቀለም ለመለወጥ እያንዳንዱን ርእስ እየፈለጉ ማረም የግድ ሆነ።

መፍትሔ ያቀረበው በዚያን ጊዜ በሴርን ይሠራ የነበረው ኖርዌያዊው ሆኮን ቪዩም ሊ ነው። በኦክቶበር 10 ቀን 1994 ባወጣው ሐሳብ፣ ቅጡ ከገጹ ተለይቶ በሌላ ሉህ ላይ እንዲጻፍና አንድ ሉህ ብዙ ገጾችን እንዲገዛ ሐሳብ አቀረበ። አርጎ የተባለ አሳሽ ይሠራ የነበረው ሆላንዳዊው ቤርት ቦስ ከርሱ ጋር ተባበረ። በዚያው ዓመት የተመሠረተው የዓለም አቀፍ ድር ማኅበር ሥራውን ተረከበና የመጀመሪያው ደንብ በዲሴምበር 17 ቀን 1996 ጸደቀ። ሁለተኛው በሜይ 1998 ወጣ። ይህ ደንብ በምሕጻረ ቃል ሲ.ኤስ.ኤስ. ይባላል።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ለኛ ሁለት ነጥቦች ልዩ ትኩረት ይገባቸዋል። አንደኛው፣ ቅጥ የጸሐፊው ብቻ አይደለም የሚለው መነሻ ሐሳብ ነው። አንባቢውም፣ አሳሹም የራሳቸው ቅጥ አላቸው፤ ሦስቱ በተዋረድ ተነጻጽረው የመጨረሻው መልክ ይወሰናል። ቪዩም ሊ በመጀመሪያው ሐሳቡ እያንዳንዱ ወገን የሚኖረውን ተሰሚነት በመቶኛ እንዲገልጽ እስከመፍቀድ ደርሶ ነበር። በ1996ቱ ደንብ ጸሐፊው «ይህ የግድ ነው» ብሎ የደነገገው የአንባቢውን ያሸንፍ ነበር፤ በ1998ቱ ግን ተገለበጠና የአንባቢው ግዴታ የበላይ ሆነ። ዓይኑ የደከመ አንባቢ ፊደሉን በራሱ ፍላጎት ማጉላት መቻል አለበት ተብሎ ታመነ።

ሁለተኛው ነጥብ ስሕተትን ይመለከታል። ደንቡ አሳሾችን፣ የማታውቁት ትእዛዝ ሲያጋጥማችሁ ዝም ብላችሁ እለፉት ይላል። ይህ የተደረገው ወደፊት አዳዲስ ትእዛዞች ሲጨመሩ የቆዩ አሳሾች ገጹን ማሳየት እንዳያቆሙ ነው። ዓላማው ጥበብ የተሞላበት ቢሆንም ውጤቱ ሌላም ገጽታ አለው፤ ቅጥ ሲጠፋ ለተራው አንባቢ የሚጮህ ነገር የለም። ገጹ ይከፈታል፤ ጽሑፉ ይነበባል፤ አንባቢውም የጎደለ ነገር መኖሩን አያውቅም። የኛ መምህር ያልተጠራጠረውም ለዚህ ነው።

3. አንዱ አሳሽ የሚለይባቸው ምክንያቶች

በአሳሾች መካከል የታየው ልዩነት ብዙ መልክ ቢኖረውም፣ በታሪክ የታወቁትን በአራት ከፍለን ማየት እንችላለን።

ሀ) የአሠራር ጥገኝነት። ኔትስኬፕ የተባለው ኩባንያ ከሲ.ኤስ.ኤስ. ፈንታ በጃቫስክሪፕት ቋንቋ የሚጻፍ የራሱን የቅጥ ሥርዓት በ1996 አቅርቦ ነበር። ሐሳቡ ተቀባይነት ሳያገኝ ቀረ። ኩባንያው በ1997 ባወጣው 4ኛው አሳሽ ውስጥ ሲ.ኤስ.ኤስ. እንዲሠራ ያደረገው ግን በዚያው በራሱ ሥርዓት ላይ ደርቦ ነበር። ውጤቱም እንግዳ ሆነ፤ አንባቢው ለጥንቃቄ ሲል ጃቫስክሪፕትን ቢያጠፋ ቅጡም አብሮ ይጠፋል። በሁለቱ መካከል በደንብ የተጻፈ ምንም ዝምድና ስላልነበረ፣ ይህን የማያውቅ ጸሐፊ ሉሁን መሥመር በመሥመር ቢመረምር አንዳች ስሕተት አያገኝም።

ለ) የፍቺ ልዩነት። ይህ ለቋንቋ ሰው ከሁሉ የበለጠ የሚያስደንቅ ነው። ደንቡ ለአንድ ሣጥን «ስፋት» ሲሰጠው፣ ስፋት ማለት የጽሑፉ ስፋት ነው፤ በጽሑፉና በጠርዙ መካከል ያለው ክፍት ቦታና ጠርዙ በላዩ ይደመራሉ። ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር የተባለው የማይክሮሶፍት አሳሽ ግን በዊንዶውስ ላይ እስከ 5ኛው ዕትሙ ድረስ ስፋት ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ያለው ነው ብሎ ይቈጥር ነበር። ስፋቱ 200፣ የውስጥ ክፍተቱ በየጎኑ 10፣ ጠርዙ በየጎኑ 1 የሆነ ሣጥን እንደ ደንቡ 222 ነጥብ ይይዛል፤ እንደዚያ አሳሽ ግን 200 ብቻ። ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ሣጥኖች በአንዱ አሳሽ ላይ ሲገጥሙ በሌላው ላይ አንዱ ወደ ታች ይወድቃል። አንድ ሰው ቤቱ ስንት ክንድ ነው ተብሎ ሲጠየቅ፣ ግድግዳውን ጨምሮ ይለካ ወይስ ውስጡን ብቻ? ሁለቱም መልስ በሰው ዘንድ የተለመደ ነው። ስለሆነም ክርክሩ ከመሣሪያ ይልቅ የቃል ፍቺ ክርክር ነበር። በኋላ ዘመን ደንቡ ጸሐፊው ከሁለቱ ፍቺዎች የሚፈልገውን እንዲመርጥ በመፍቀድ ነገሩን ዘጋው።

ይህ ልዩነት አንድ ሌላ ነገር ወለደ። በቀድሞው ፍቺ የተጻፉ እጅግ ብዙ ገጾች ስለነበሩ አሳሾች በአንድ ጊዜ ወደ ደንቡ ቢዞሩ ሁሉም ቅጥ ያጣሉ። በ2000 የወጣው የማኪንቶሽ ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር፣ ሥራውን በመራው በታንቴክ ቼሊክ አማካይነት መላ አገኘ፤ በገጹ ራስ ላይ የሰነዱን ዓይነት የሚገልጽ ቃል በትክክል ከተጻፈ ገጹን እንደ ደንቡ፣ ካልተጻፈ ግን እንደ ቀድሞው ልማድ እንዲያሳይ ተደረገ። ሌሎቹም አሳሾች ተከተሉት። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ አሳሽ ሁለት አኳኋን አለው፤ አንዱን የደንብ አኳኋን፣ ሌላውን የልማድ አኳኋን ብንለው ይስማማል። በገጹ ራስ ላይ የተጻፈ ወይም የተዘነጋ አንድ መሥመር የገጹን መልክ በሙሉ ይለውጣል።

ሐ) የመለያ ጉድለት። አገልጋዩ ኮምፒዩተር አንድን ፋይል ሲልክ ከፋይሉ ጋር የዓይነት መለያ አብሮ ይልካል፤ ይህ ሥዕል ነው፣ ይህ ተራ ጽሑፍ ነው፣ ይህ ቅጥ ሉህ ነው የሚል። ነገሩ በፖስታ ላይ እንደሚጻፍ አድራሻ ነው። የቅጥ ሉህ መለያ «ቴክስት/ሲ.ኤስ.ኤስ.» ሲሆን፣ አገልጋዩ በትክክል ካልተሰናዳ «ቴክስት/ፕሌይን» ማለትም ተራ ጽሑፍ ብሎ ይልከዋል። በ2001 የወጣው 6ኛው ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር መለያውን ችላ ብሎ ውስጡን እያየ ሉሁን ይቀበል ነበር። ሞዚላ ግን በደንብ አኳኋን በሚታይ ገጽ ላይ መለያው ያልተስተካከለ ሉህ አይቀበልም፤ በልማድ አኳኋን ከሆነ ይቀበላል። ከዚህ የሚገርም ነገር ይወጣል። ጠንቃቃው ጸሐፊ ገጹን በደንብ ሲጽፍ ቅጡን ያጣል፤ ግዴለሹ አይነካም።

መ) የልክና የፈቃድ ገደብ። ከ6ኛው እስከ 9ኛው ያሉት የኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ዕትሞች በአንድ ገጽ ላይ ከ31 ሉሆች በላይ፣ በአንድ ሉህም ውስጥ ከ4095 መራጮች በላይ ያለውን አያነቡም ነበር። ትልቅ ገጽ ያለው ድርጅት አንድ ሉህ ሲጨምር የመጨረሻው በዝምታ ይወድቃል። በፊደል ረገድ ደግሞ፣ በጁን 2009 የወጣው የፋየርፎክስ 3.5 አሳሽ ከሌላ አድራሻ የሚመጣን ፎንት፣ ያ አድራሻ ፈቃድ ካልሰጠ በቀር አይጭንም። በዚህ ረገድ ላላ ባሉ አሳሾች ላይ የተዋበው ገጽ በፋየርፎክስ ላይ በተራ ፊደል ይታይ ነበር። ይኸው አሳሽ ከ2013 ጀምሮ፣ በተጠበቀ መሥመር በሚመጣ ገጽ ውስጥ ባልተጠበቀ መሥመር የተጠራን ቅጥ ሉህ መዝጋት ጀምሯል።

4. የግዕዝ ፊደል፦ ቅጡ ራሱ ጽሑፉ የነበረበት ዘመን

እስካሁን የተመለከትነው ቅጥ ቢጠፋም ጽሑፉ የሚተርፍበትን ሁኔታ ነው። በአማርኛ ድረ ገጾች ታሪክ ግን ቅጥ ሲጠፋ ጽሑፉም የሚጠፋበት ዘመን ነበረ። ከ1999 በፊት የግዕዝ ፊደል በዓለም አቀፍ የፊደላት መለያ ውስጥ ቦታ አልነበረውም። ስለዚህ ፎንት ሠሪዎች የላቲን ፊደላት በያዙት ቦታ ላይ የግዕዝን ሥዕል ይተኩ ነበር። በኮምፒዩተሩ ውስጥ የሚቀመጠው ላቲን ነው፤ አማርኛ የሚመስለው የግዕዝ ፎንት ሲለብስ ብቻ ነው። በዚያ አሠራር ያለው ቦታ 256 ብቻ ሲሆን፣ 33ቱ ፊደላት በሰባት ሰባት ቤታቸው ብቻ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹ፣ አኃዙና ነጥቡ ሲጨመሩበት ቦታው አይበቃም። አንዳንዱ ፊደሉን ቆራርጦ በመቀጠል፣ አንዳንዱ ከአንድ በላይ ፎንት በመጠቀም ችግሩን ለማለፍ ሞከረ። ሁሉም በየፊናው ስለሠራ የአንዱ «ለ» የሌላው «መ» ይሆን ነበር።

በእንዲህ ያለ ገጽ ላይ የፎንቱን ስም የሚጠራው የቅጥ ትእዛዝ ሳይሠራ ቢቀር፣ አንባቢው የሚያየው ትርጉም የለሽ የላቲን ምልክቶች ክምር ነው። ስሙ ቢጠራም ፎንቱ በአንባቢው ኮምፒዩተር ላይ ከሌለ ውጤቱ ያው ነው፤ ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ እንደተባለው። አንድ እንግሊዝኛ ገጽ ቅጥ ሲያጣ አስቀያሚ ይሆናል፤ አማርኛው ግን አማርኛ መሆኑ ይቀራል። ቅጥና ፍሬ ነገር ይለያዩ የሚለው መርሕ ለኛ ከውበት ጥያቄ በላይ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

በሴፕቴምበር 1999 የወጣው 3.0 የዩኒኮድ ዕትም ለግዕዝ ፊደል የራሱን ቦታ ሰጠ። ከዚያ ወዲህ «ለ» በማንኛውም ፎንት፣ ፎንትም በሌለበት፣ «ለ» ነው። ፎንት የሌለው ኮምፒዩተር ባዶ ሣጥን ቢያሳይም ፊደሉ ከሣጥኑ በስተጀርባ ማንነቱን እንደያዘ ይቆያል። በ2005፣ በ2010 እና በ2021 ለሌሎች የኢትዮጵያ ቋንቋዎች የሚያስፈልጉ ተጨማሪ ፊደላት ተካተዋል። በ2007 ለሕዝብ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ኒያላ የተባለውን የግዕዝ ፎንት ይዞ መውጣቱም ብዙ አንባቢዎችን ፎንት ከመፈለግ አሳርፏል።

የአገራችን የመጻሕፍት ትውፊት ለዚህ ጉዳይ የሚሰጠው ትምህርት አለ። በብራና መጻሕፍት የቅዱሳን ስምና የምዕራፍ መጀመሪያ በቀይ ቀለም ይጻፋል። ቀዩ ለክብርና ለመለያ ነው። ሆኖም ገልባጩ ቀይ ቀለም አጥቶ ሁሉንም በጥቁር ቢጽፍ ስሙ ስም መሆኑ አይቀርም። በአንድምታ ትርጓሜ ደግሞ አንዱን ፍቺ ከሌላው የሚለየው ቀለም ሳይሆን «አንድም» የሚለው ቃል ነው። ቃሉ ከቃል ጋር አብሮ ይጻፋል፤ አብሮ ይነበባል፤ በቃል ሲጠናም አብሮ ይጠናል። ሊቃውንቱ የትርጓሜውን መለያ በጽሑፉ ውስጥ አኑረውታል እንጂ በላዩ አልቀቡትም። እኛ ለተተዉት ቃላት ያደረግነው የዚህን ተቃራኒ ነበር።

5. እንከኑ የተገኘበት ሁኔታ

መምህሩ የላከውን ወረቀት ካየን በኋላ መጀመሪያ የጠረጠርነው የርሱን ኮምፒዩተር ነበር፤ ቀጥሎም አሳሹን ወቀስን። በራሳችን ኮምፒዩተር ላይ ሞዚላን ጭነን ገጹን ስንከፍት እኛም ቅጥ ያጣውን ገጽ አየን። ሉሁን መሥመር በመሥመር አነበብን፤ ጥቂት አላስፈላጊ ትእዛዞችን አወጣን፤ ምንም አልተለወጠም። ሦስት ሳምንት ያህል የጠፋው ሉሁ በሚገባ አልተጻፈም በሚል የተሳሳተ ግምት ነው። አሳሾች የራሳቸውን ስሕተት መመርመሪያ መሣሪያ አሟልተው ባልያዙበት ዘመን (ፋየርበግ የተባለው የፋየርፎክስ መመርመሪያ እንኳ የወጣው በ2006 ነው) ሥራው ባመዛኙ ግምት ነበር።

ነገሩ የተገለጠው አንድ ባልደረባችን ጥያቄውን ስለለወጠ ነው። ሉሁ ትክክል ነወይ ማለቱን ትቶ፣ ሉሁ ደርሷል ወይ፣ ከደረሰስ ምን ተብሎ ደረሰ ብሎ ጠየቀ። ከአገልጋዩ ጋር የመጣውን መለያ ሲመለከት «ተራ ጽሑፍ» የሚል ሆኖ አገኘው። የገጹን ማስቀመጫ ያከራየን ድርጅት የቅጥ ሉህን መለያ በአገልጋዩ ላይ አላስመዘገበም ነበር። ገጻችን ደግሞ የሰነድ ዓይነቱን በትክክል የገለጸ ስለነበር ሞዚላ በደንብ አኳኋን አየው፤ በደንቡም መሠረት ሉሁን አልተቀበለም። በአገልጋዩ ላይ አንድ መሥመር ሲጨመር ቅጡ ተመለሰ።

ከዚህ የተማርነውን የፍለጋ ቅደም ተከተል እንደሚከተለው እናስቀምጣለን። አንደኛ፣ ሉሁ ወደ አሳሹ ደርሷልን? ሁለተኛ፣ በምን መለያ ደረሰ? ሦስተኛ፣ ገጹ በየትኛው አኳኋን ይታያል? አራተኛ፣ አሳሹ ትእዛዙን ያውቀዋልን? አምስተኛ፣ በተዋረድ የሚበልጠው ሌላ ትእዛዝ ሽሮታልን? ከሁሉ በፊት ደግሞ የሚታየው ገጽ አዲሱ ነው ወይስ በመሸጎጫው ውስጥ የቆየው ተብሎ መጠየቅ አለበት፤ የታረመን ስሕተት እንደገና ሲያርሙ መዋል ከዚህ የሚመጣ ነውና። ሉሁን ማንበብ በአራተኛ ደረጃ ላይ የሚመጣ ሥራ ሲሆን እኛ ከርሱ ጀምረን ነበር።

6. ስለ ስያሜዎቹ

ከላይ በተመለከተው ታሪክ ላይ ተመሥርተን የሚከተሉትን ስያሜዎች ለውይይት እናቀርባለን።

ቅጥ፦ የአንድ ገጽ መልክ፣ ልክና አቀማመጥ። «ስታይል» የሚለውን የውጭ ቃል በብቃት ይተካል፤ «ቅጥ ያጣ ገጽ» የሚለው አነጋገርም ያለ ማብራሪያ ይገባል። «ውበት» ተብሎ ቀርቦ ነበር፤ ቅጥ ግን ከማሳመር ይልቅ ሥርዓትን ስለሚያመለክት የተሻለ ነው።

ቅጥ ሉህ፦ የቅጥ ትእዛዞች የሚጻፉበት ፋይል። «ሉህ» ለጸሎትም ለንባብም የተለመደ፣ ከገጽ ተለይቶ የሚያዝ ነጠላ ነገር ስለሆነ መለየቱን ይገልጻል።

ተዋረድ፦ ከብዙ ሉሆች የትኛው እንደሚጸና የሚወሰንበት ሥርዓት። የውጭው ቃል ከፏፏቴ የተወሰደ ስለሆነ «ፏፏቴ ቅጥ» የሚል ትርጉም ቀርቦ ያውቃል። ፏፏቴ ግን ለኛ አንባቢ የውሃ መውደቅ እንጂ የሥልጣን ደረጃ አይታየውም። «ተዋረድ» ከላይ ወደ ታች መውረድንም የበላይና የበታችንም አንድ ላይ ይይዛል፤ ስለሆነም «ተዋረዳዊ ቅጥ ሉህ» እንላለን።

አሳሽ፦ ድረ ገጽን ፈልጎ የሚያሳይ ፕሮግራም። «ማሰሻ» የሚለውም በሥራ ላይ ይገኛል። መሣሪያነቱን «ማሰሻ» የበለጠ ቢያጐላም፣ «አሳሽ» በሕዝብ ዘንድ ስለቀደመ እርሱን መርጠናል።

የዓይነት መለያ፦ አገልጋይ ከፋይል ጋር የሚልከው መግለጫ። «መለያ» ብቻውን ለብዙ ነገር ስለሚውል ሁለቱ ቃላት አብረው ይጻፉ።

መሸጎጫ፦ አሳሽ የደረሰውን ፋይል ለሌላ ጊዜ የሚያቆይበት ቦታ። መሸጎጥ ከዓይን ገለል አድርጎ ማኖር ነውና ጠባዩን በትክክል ይገልጻል።

የደንብ አኳኋንና የልማድ አኳኋን፦ አሳሽ አንድን ገጽ የሚያሳይባቸው ሁለት መንገዶች። ለሁለተኛው «የተበላሸ አኳኋን» የሚል ቀርቦ ነበር፤ አሮጌ ገጾች በዘመናቸው ልማድ የተጻፉ እንጂ የተበላሹ ስላልሆኑ አልተቀበልነውም።

ፎንት፦ በማኅተምና በኮምፒዩተር ሥራ ሥር የሰደደ ስለሆነ እንዳለ ይቆይ። «ቅርጸ ቁምፊ» የሚለው ትርጉም በአንዳንድ ፕሮግራሞች ውስጥ ቢገኝም በቃል ንግግር ሲሠራበት እምብዛም አይሰማም።

7. መደምደሚያ

ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር በጁን 15 ቀን 2022 አገልግሎቱ አብቅቷል። የዛሬዎቹ አሳሾች በደንቡ ላይ ከቀድሞው ይልቅ እጅግ ይቀራረባሉ፤ የመለያ ጉድለት ያለበትን ሉህም ሌሎቹ እንደ ሞዚላ መከልከል ጀምረዋል። ሆኖም ችግሩ ከነጭራሹ ጠፍቷል ማለት አይደለም። አዲስ ትእዛዝ በአንዱ አሳሽ ቀድሞ በሌላው ዘግይቶ ይገባል፤ ዓይነ ስውራን በድምፅ በሚያነብ መሣሪያ ሲጠቀሙ በመሥመርና በቀለም ብቻ የተለየውን በአብዛኛው አይሰሙትም፤ ጽሑፉ ከገጽ ወደ ሌላ ፋይል ሲገለበጥም ቅጡ ብዙ ጊዜ ይቀራል። ቅጥ የሚጠፋባቸው መንገዶች ስለማያልቁ፣ መዝገበ ቃላት የሚያዘጋጅ ሰው ፍቺን የሚነካ ልዩነት ሁሉ በቃል እንዲጻፍ ማድረግ አለበት። በኛ ዝርዝር ውስጥ ዛሬ እያንዳንዱ ያልተመረጠ ቃል «የተተወ» ከሚል ቃልና ከምክንያቱ ጋር ይወጣል። መሥመሩን አላነሣነውም፤ ለዓይን ይረዳል፤ ነገር ግን ፍቺውን እንዲሸከም አልተውነውም።

አንድ ሥራ ደግሞ ሳይሠራ ይጠብቀናል። ከ1999 በፊትና ከዚያም በኋላ ለጥቂት ዓመታት በአሮጌዎቹ ፎንቶች የተጻፉ አማርኛ ጽሑፎች በየቦታው ይገኛሉ፤ ከነርሱም መካከል የቃላት ጥናቶችና የውይይት መዝገቦች አሉ። የተጻፉበት ፎንት ሲጠፋ የሚቀረው የላቲን ምልክት ክምር ብቻ ነው። የየፎንቱን አቀማመጥ የሚያውቁ ሰዎች ዛሬ በሕይወትና በሥራ ላይ ናቸው። እያንዳንዱ ፎንት «ሀ»ን በየትኛው ምልክት ላይ እንዳኖረ የሚያሳይ ሰንጠረዥ ከነርሱ ጋር ሆኖ ማዘጋጀትና ጽሑፎቹን ወደ ዩኒኮድ መመለስ የሚቻልበት ጊዜ ይህ ነው። በእጃቸው እንዲህ ያለ ጽሑፍ ወይም ፎንት ያላቸው አንባቢዎች ፋይሉን ሳይለውጡ፣ የፎንቱንም ስም ከጎኑ ጽፈው እንዲያቆዩልን እንጠይቃለን።